ጥርሳችን ለምን ያልቃል?
የመፋቂያ፣ የጫትና የለስላሳ መጠጥ ነገር በጅግጅጋና በአካባቢዋ

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ አምዳችን የምንማማረው ስለ ጥርስ ማለቅ ነው። ስለ ጥርስ ሕመም ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የተቦረቦረ ወይም በተለምዶ «ትል የበላው» የምንለው ጥርስ ነው። ነገር ግን ሳይቦረቦርና ሳያም ዓመት በዓመት እየሳሳና እያጠረ የሚሄድ ጥርስም አለ። ይህ ጉዳት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ የሚነቃው ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ሲጠዘጥዘው ወይም ሥጋ ማኘክ ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሄደው አይመለስም።

አርብቶ አደሩ ወገናችን ይህን ነገር ከእንስሳቱ አሳምሮ ያውቀዋል። ለዒደል አድሓ ኡዱሒያ ሊገዛ የወጣ ሰው በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ ገበያ የእንስሳውን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ይመለከታል። የወተት ጥርሱ ወድቆ ቋሚው መብቀሉን ያያል። ለኡዱሒያ የሚቀርብ እንስሳ ዕድሜው የሞላ መሆን ስላለበት፣ ግመል 5 ዓመት፣ ከብት ደግሞ 2 ዓመት መሙላቱ ይጠየቃል። ሻጩ ስለ ዕድሜው ባይናገር እንኳ ጥርሱ ይናገራል። አርቢው ሌላም ነገር ያውቃል፤ ጥርሷ ያለቀባት ያረጀች በግ ሣር በሞላበት ሜዳ ላይ እንኳ ትከሳለች። የከሳችው መኖ አጥታ ሳይሆን ነጭታ መብላት አቅቷት ነው። የሰው ልጅም በዚህ ረገድ እንደዚሁ ነው። ጥርሱ ያለቀበት ሰው ማዕድ ቀርቦለት ይራባል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጥርስ ከምን እንደተሠራ፣ በምን በምን መንገድ እንደሚያልቅ፣ በእኛ አካባቢ የሚጨርሱት ልማዶች የትኞቹ እንደሆኑና በእያንዳንዱ ቤት ያለ ብዙ ወጪ ምን ማድረግ እንደሚቻል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ጥርስ ከምን ተሠርቷል?

የጥርስ የውጭ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን ዋና ዋናዎቹ ካልሲየምና ፎስፌት ናቸው። ከኢናሜል ሥር ዴንቲን የተባለ ቢጫ መልክ ያለውና ለስለስ ያለ ክፍል አለ። በመካከል ደግሞ ነርቭና የደም ሥር ይገኛሉ። ጥርስ እያለቀ ሲሄድ ወደ ቢጫነት የሚለወጠውና ብርድና ሙቀት የሚሰማው ኢናሜሉ ሳስቶ ዴንቲኑ ስለሚጋለጥ ነው።

አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ቆዳ ቢቆስል ይሽራል። ኢናሜል ግን በውስጡ ሕይወት ያላቸው ሴሎች ስለሌሉት አንዴ ተፍቆ ከሄደ ዳግም አይበቅልም። ምራቅ በያዘው ካልሲየምና ፎስፌት ገና ለስለስ ብሎ ያለውን ሽፋን መልሶ ማጠንከር ይችላል፤ ይህም ከአላህ (ሱ.ወ) ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ተፍቆ የወደቀውን ግን ምራቅም ሆነ መድኃኒት አይተካውም። ሐኪም የሚያደርገው በሰው ሠራሽ ነገር መሸፈን ብቻ ነው።

እናቶች በተለይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የሚበቅለው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ በመሆኑና ለእርሱ ቦታ የሚለቅ የወደቀ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ «ይህማ የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» ብሎ ችላ ይለዋል። ሁለተኛው መንጋጋ በ12 ዓመት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ17 ዓመት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የ6 ዓመቱ መንጋጋ ከሌሎቹ ሁሉ ረዥም ጊዜ የሚያገለግልና ቀድሞ የሚያልቅ ጥርስ ነው፤ እንክብካቤውም ገና በበቀለበት ቀን መጀመር አለበት።

ጥርስ የሚያልቅባቸው ሦስት መንገዶች

በዕድሜ ብዛት ጥርስ ጥቂት መሳሳቱ የማይቀር ነው። ችግሩ የ60 ዓመት ሽማግሌ ላይ የምንጠብቀውን በ30 ዓመት ጎልማሳ ላይ ስናየው ነው። ጥርስ የሚያልቅባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

1ኛ) ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲፋጭ። በእንቅልፍ ጥርሱን የሚያፋጭ ወይም መንጋጋውን አጥብቆ የሚነክስ ሰው የላይኛውና የታችኛው ጥርሱ እርስ በርስ ይፋፋቃሉ። ጫፎቻቸው ጠፍጣፋ ሆነው ሲገጠሙ ልክ ለልክ ይገናኛሉ።

2ኛ) ባዕድ ነገር ሲፍቀው። አሸዋ፣ አቧራ፣ የከሰል ዱቄት፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ደረቅ እንጨት ሁሉም ይፍቃሉ። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት የሞህስ መለኪያ ኢናሜል 5 ላይ ሲቀመጥ በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ላይ ነው። አሸዋ ጥርስን ይፍቃል፤ ጥርስ ግን አሸዋን አይፍቅም። በንፋሳማና አቧራማ አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

3ኛ) አሲድ ሲያሟሟው። የአሲድነት መለኪያ ፒኤች ይባላል። ንጹሕ ውሃ 7 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበረታል። ኢናሜል ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን መሟሟት ይጀምራል። የኮላ መጠጦች ፒኤች 2.5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂም ከዚያው አይርቅም። ጨጓራው እየተመለሰ የሚያቃጥለው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚያስመልሰው ሰውም ጥርሱ በጨጓራ አሲድ ይጎዳል።

እነዚህ ሦስቱ ከጥርስ መበስበስ ይለያሉ። መበስበስ የሚመጣው በጥርስ ላይ የሚጣበቁ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም እርስ በርስ ይረዳዳሉ። በአሲድ የለሰለሰ ኢናሜል በብሩሽ ቶሎ ይፋቃል፤ የሳሳ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

ያለቀ ጥርስ የሚሰጠው ምስክርነት

የጥርስ አለላለቅ እንደ ልማዱ ይለያያል። ለዚህም ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1983 ክርስቲ ተርነርና ሊሊያ ማቻዶ የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል ኮሮንዶ በተባለ ሥፍራ የተገኙ የጥንት ነባር ሕዝቦችን አጽም መርምረው አንድ ያልተለመደ ነገር አሳተሙ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ባለው ገጻቸው ተፍቀው አልቀዋል፤ ከታች ያሉት ጥርሶች ግን ከዚህ ጋር የሚገጥም ጉዳት የላቸውም። ስለዚህ ጥርስ ከጥርስ ተፋጭቶ ነው ሊባል አልቻለም። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ማብራሪያ ሰዎቹ እንደ ካሳቫ ያለ ሥራ ሥር በላይኛው ጥርሳቸው ይልጡና ይግጡ ነበር የሚል ነው። በጥርሶቹ ላይ ብዙ መበስበስ መገኘቱም ምግባቸው ስታርች የበዛበት እንደነበር አመለከተ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እያንዳንዱ የኑሮ ልማድ በጥርስ ላይ የራሱን ፊርማ ይተዋል። አጽም ከሺህ ዓመታት በኋላ የሚመሰክረውን፣ የእኛ አፍ ደግሞ ዛሬ ይመሰክራል። ታዲያ የጅግጅጋ፣ የቶጎ ውጫሌ፣ የሐርትሼክና የአውበሬ ነዋሪ ጥርስ ምን ይናገራል? አራት ዋና ዋና ልማዶችን እንይ።

ሀ) ጫት በአንድ ጉንጭ

ከሐረር አጠገብ ካለችው አወዳይ የሚነሣው ጫት በየቀኑ ወደ ጅግጅጋ ይገባል፤ በቶጎ ውጫሌም በኩል አልፎ ወደ ሐርጌሳ ይሄዳል። በሶማሊኛ ጃድ የሚባለውን ይህን ቅጠል የሚቅም ሰው ለብዙ ሰዓታት በአንድ ጉንጩ ይይዘዋል። ቃሚውን በአንደኛው ጉንጩ ማበጥ እንደምናውቀው ሁሉ የጥርስ ሐኪምም አፉን ሲያይ የትኛው ወገን እንደሆነ ያውቀዋል።

በዚያ ወገን ያሉት መንጋጋዎች በረዥም ጊዜ ማኘክ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ቅጠሉ በመንገድ ያነሣው አቧራ ሳይታጠብ ከገባ ፍቀቱን ያብሰዋል። ድዱ ይሸሻል፤ የጥርሱ ሥር ይጋለጣል። ሥሩ ደግሞ ኢናሜል ስለሌለው በቀላሉ ይፋቃል፤ ይበሰብሳል። ጥርሱ ይበልዛል። የመንጋጋ መጋጠሚያው ይታመማል፤ አንዳንዱ ሰው አፉን ሲከፍት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ሌላ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ምራቅን ያደርቃል፤ እንቅልፍን ያዛባል፤ መንጋጋን አጥብቆ የመንከስ ልማድም ሊያመጣ ይችላል። ምራቅ የጥርስ ጠባቂ ነው ብለናል፤ በበርጫ ሰዓት ጠባቂው የለም ማለት ነው።

በየመን ቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ቅጠሉ በሚያዝበት ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ነጭ የወፈረ ሽፋን በብዙዎች ላይ እንደሚታይ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ነጭ ምልክት ያለበት ሰው፣ ይልቁንም ሲጋራ የሚያጤስ ከሆነ፣ በሐኪም መታየት ይኖርበታል።

አንዳንዱ ቃሚ «እኔ ጉንጭ እቀያይራለሁ» ይላል። መቀያየሩ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል እንጂ አያስቀረውም። ከጤና አንጻር ትክክለኛው ምክር ማቆም ነው። ገና ማቆም ያልቻለ ወንድም ግን እስኪያቆም ድረስ ቢያንስ እነዚህን ይጠብቅ፦ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ይጠብ፤ ከጫቱ ጋር ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሳይሆን ተራ ውሃ ይጠጣ፤ ገራባውን በጉንጩ ይዞ አይተኛ፤ ሲጨርስ አፉን ደጋግሞ ይጉመጥመጥ፤ ሳይተኛም ጥርሱን ያጽዳ።

ለ) ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ሻይ

በእንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀው ሕዝባችን ሻይ ያለ ስኳር፣ እንግዳም ያለ ሻይ አይታሰብለትም። የሻይ ስኳር የመበስበስ ምክንያት ሲሆን ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩንም አሲዱንም አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። «ስኳር የለውም» የተባለው ዓይነት እንኳ አሲዱ አልቀረም።

ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው አጠጣጡ ነው። አንድ ጠርሙስ ከምግብ ጋር ወዲያው የጠጣ ሰውና ያንኑ ጠርሙስ ከቀትር እስከ መግሪብ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ የቆየ ሰው ጉዳታቸው እኩል አይደለም። በየጉንጩ ምራቅ አሲዱን አጥቦ ለማስታገስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ያ ጊዜ ሳይሞላ ሌላ ጉንጭ ከተከተለ ጥርስ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በአሲድ ውስጥ ሲዋኝ ይውላል።

አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። ለስላሳ ወይም የሎሚ ጭማቂ እንደጠጡ ወዲያው ጥርስ መፋቅ አይገባም። በዚያ ሰዓት ኢናሜሉ ለስልሷልና ይፋቃል። በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል። ሕፃንን ጡጦ ሙሉ ጣፋጭ ሻይ ወይም ጭማቂ አስይዞ ማስተኛት ደግሞ የወተት ጥርሶቹን ገና በማለዳ ያጠፋል።

ሐ) መፋቂያ ሲበዛና ሲያንስ

መፋቂያ በሶማሊኛ ዐደይ፣ በዐረብኛ ሲዋክ ወይም ሚስዋክ ይባላል። በቆላው አካባቢያችን የሚበቅለው ዋናው ዛፍ ዐረቦች አራክ የሚሉት ነው፤ በደጋው የአገራችን ክፍል ደግሞ ወይራና ክትክታ ይጠቀማሉ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ያዙ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲሥ መዘገቡን ሁላችንም እናውቃለን።

የዘመኑ ጥናትም ይህን ይደግፋል። በሱዳን በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የመፋቂያ ተጠቃሚዎች የድድ ጤና በብሩሽ ከሚጠቀሙት እንደማያንስ አሳይቷል። በአራክ እንጨት ውስጥ ባክቴሪያን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮችና ጥርስን የሚያጠራ ሲሊካ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ መልካም መሣሪያም አያያዙ ካልታወቀ ይጎዳል። በመፋቂያ ተጠቃሚዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛው የፊት ጥርሶች ብቻ በብዛት መፋቃቸው ነው፤ በጉንጭ በኩል ድዱ ይሸሻል፤ በጥርሱና በድዱ ድንበር ላይ እንደ መጥረቢያ ምት ያለ ስርጉድ ይወጣል። ሁለተኛው በምላስ በኩል ያለው ገጽና የኋላ መንጋጋዎች ፈጽሞ አለመነካታቸው ነው። ስለዚህ ከፊት ሲበዛ ከኋላ ያንሳል ማለት ነው። የሚከተለውን ደንብ ብንይዝ ሁለቱም ይቀራሉ።

1. እርጥብ እንጨት እንምረጥ። የደረቀ ከሆነ ጫፉን በንጹሕ ውሃ እናርጥበው።
2. ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ይሁን። የጫፉን ልጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠን፣ እንደ ብሩሽ እስኪፈታ በቀስታ እናኝከው።
3. ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እንፋቅ፤ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ። እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ አንግዘግዘው።
4. የውስጡንም የኋላውንም እናዳርስ። ጫፉን አጠፍ አድርጎ ማስገባት ይረዳል።
5. እጃችንን እናቅልል። ድድ የሚደማው በጫና ብቻ ሳይሆን በመታመሙም ስለሆነ፣ ቀስ ብለን ፍቀንም መድማቱ ካልቆመ ሐኪም ይየው።
6. የሻገተውን ወይም ያለቀውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጠን አዲስ እናውጣ። በኪስ ውስጥ ከገንዘብና ከአቧራ ጋር አናድርገው። የሌላ ሰው መፋቂያም አንዋስ።

በመፋቂያ የሚጠቀም ሰው በተለይ ማታ ከመተኛቱ በፊት ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ቢጨምርበት እጅግ የተሻለ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መ) ከሰል፣ አሸዋና የጠርሙስ ቆርኪ

ጥርስን ነጭ ለማድረግ ከሰል ወይም አመድ ፈጭቶ መፋቅ የቆየ ልማድ ነው። ለጊዜው ንጣት ይሰጣል፤ ንጣቱ ግን ከኢናሜሉ ላይ ተፍቆ የተገኘ ነው። ሲቆይ ዴንቲኑ ይጋለጥና ጥርሱ ከቀድሞው ይልቅ ቢጫ ይሆናል። ሰውየው ያን ሲያይ ይብሱን ይፍቃል።

ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከወንጂ ወይም ከመተሐራ መጥተው ከእኛ ጋር የሚኖሩ ወገኖች ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበረ የመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ቀለሙ ከኢናሜሉ ጋር አብሮ የተሠራ እንጂ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። በከሰልም በአሸዋም አይለቅም። በእርሱ የተነሣ ሊያፍሩ አይገባም፤ መፋቁ ግን ጥርሱን ይጨርሰዋል።

በተቃራኒው በሐርሺንና በሐርትሼክ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚያ ለሚያድግ ልጅ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይበልጥ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንን ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ፍሎራይድ መኖሩን፣ መጠኑም ከሚሊዮን እጅ ከ1000 እስከ 1500 መሆኑን ይመልከቱ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች፤ እንዳይውጣትም ወላጅ አጠገቡ ይቁም።

የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ ሽቦና ገመድ በጥርስ መሳብ፣ ክር መበጠስ ኢናሜልን ይሰነጥቃል። ልብስ ሰፊዎች መርፌና ክር በጥርሳቸው የሚይዙ ከሆነ ዘወትር በአንድ ቦታ ላይ ጭረት ይወጣባቸዋል። ለዚህ ሥራ መቀስና መክፈቻ አለ።

ጥርሱ ያለቀበት ሰው ምን ይብላ?

ወደ አመጋገቡ እንመለስ። ማኘክ ያቃተው አባት ወይም እናት ቀስ በቀስ ሥጋውን፣ ቆሎውን፣ ጥሬ አትክልቱን ይተዋሉ። በቦታው የሚገባው ጣፋጭ ሻይና ብስኩት ነው። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን ፕሮቲንና ብረት ያጣል፤ የቀሩት ጥርሶችም በስኳሩ ይጎዳሉ። ልጆች «አባባ የምግብ ፍላጎቱ ቀንሷል» ይላሉ እንጂ አፉን ከፍቶ ያየለት የለም። እናንተ ግን እዩለት።

እንዲህ ላለ ሰው ምግቡን እንለውጥለት እንጂ አንቀንስበት። ሥጋው በደንብ የተቀቀለ ወይም የተፈጨ ይሁን፤ ሾርባው ውስጥ ምስር ወይም ባቄላ ይጨመርበት፤ እንቁላል፣ በመረቅ የራሰ እንጀራ ወይም ላሖህ ይቅረብለት። የግመልም የላምም ወተት ካልሲየምና ፕሮቲን ስላለው፣ አሲድነቱም እንደ ለስላሳ ስላልሆነ ለጥርስ ወዳጅ ነው፤ ስኳር ሳይጨመርበት፣ ፈልቶ ይጠጣ። ቴምር ጠቃሚ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ከተበላ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል።

እህል በድንጋይ ወፍጮ በሚፈጭበት ቤት ዱቄቱ ውስጥ የሚገባው የድንጋይ ብናኝ ጥርስን ይፍቃል። እህሉን ከአሸዋና ከጠጠር መልቀምና ማጠብ፣ ወፍጮው አዲስ በተወቀረ ጊዜ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለብቻው ማድረግ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

በረመዳን ወር

በጾም ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል። በሌሊቱ የምንበላው ጣፋጭም ይበዛል። ስለዚህ ከሱሑር በኋላ፣ ከፈጅር አዛን በፊት ጥርስን በብሩሽና በሳሙና ማጽዳት ከሁሉም ይበልጣል። በአካባቢያችን በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ ጾመኛ ከእኩለ ቀን በኋላ ሲዋክ መጠቀሙ በመዝሀቡ የታወቀ አቋም መሠረት መክሩህ ሆኖ ስለሚታይ፣ ጠዋትን መጠቀም ይቻላል፤ ዝርዝሩን ከመስጂዳችሁ ኡስታዝ ጠይቁ። በኢፍጣር ጥማትን በውሃ እንቁረጥ፤ ለስላሳውን ለቤተሰብ ማዕድ የማይቀር ነገር አናድርገው።

ራስን መመርመርና ወደ ሐኪም መሄድ

በወር አንድ ቀን፣ በጥሩ ብርሃን፣ በመስታወት ፊት የሚከተሉትን እንይ፤ የልጆቻችንንና የሽማግሌዎቻችንንም እንመልከት።

• ጥርሶቹ በአንድ ወገን ከሌላው ይልቅ አጥረዋል ወይስ እኩል ናቸው?
• በመንጋጋው ገጽ ላይ በመካከል ቢጫ ስርጉድ ይታያል?
• በድዱ ድንበር ላይ ስርጉድ ወይም የተጋለጠ ሥር አለ?
• ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው ይጠዘጥዛል?
• በጉንጭ፣ በምላስ ወይም በድድ ላይ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት አለ?

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የማይድን ቁስል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጥርስ ሕመም፣ የሚነቃነቅ ጥርስና የመንጋጋ መቆለፍ ሐኪም የሚያዩት ነገር ናቸው። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቀድሞ የደረሰ ሰው ስርጉዱን በማስሞላት ይገላገላል፤ የዘገየው ጥርሱን ያስነቅላል። ከአንድ ሩቅ ወረዳ ጅግጅጋ ድረስ መጥቶ ጥርስ ማስነቀል ከትራንስፖርቱና ከማረፊያው ጋር የሚጠይቀውን ወጪ ያየ ሰው፣ ብሩሽና አንድ የጥርስ ሳሙና ምን ያህል ርካሽ እንደሆኑ ይገባዋል።

ለማጠቃለል

ውድ አንባቢያን፣ ጥርስ አደራ ነው። የሚያልቀው በአንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ በምናደርገው ትንሽ ነገር ነው፤ የሚጠበቀውም እንዲሁ። መፋቂያውን በቀስታና በሁሉም ገጽ፣ ብሩሹን ማታ ማታ፣ ለስላሳውን በጥቂቱ፣ ጫቱን በመተው፣ ከሰሉን ለምድጃ፣ ቆርኪውን ለመክፈቻ እናድርግ። በዚህ ሳምንት ከዒሻ በኋላ ቤተሰብ ሰብሰብ ባለበት ሰዓት የአንድ ልጅና የአንድ ሽማግሌ ጥርስ ተመልከቱ፤ የ6 ዓመት ልጅ ካላችሁ ከኋላ የበቀለውን አዲሱን መንጋጋ ፈልጉለት። አላህ ሁላችንንም በጤና ያቆየን።